«እግዜር ይስጥህ» ብሎ ማለፍ ክርስትና ነውን?

ከመመገቢያ አዳራሻችን በስተጀርባ ያለው የጓሮ በር ከተዘጋ እነሆ አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል። በዚያ በር ምን ይደረግ እንደ ነበረ የማያውቅ ተማሪም ሆነ መምህር በግቢያችን ይገኛል ብለን አናምንም። ከምሳና ከራት በኋላ በየትሪው የተረፈው እንጀራ፣ ተነካክቶ የተተወው ሩዝ፣ የሽሮውና የምስሩ ጥራጊ በባልዲ ተገልብጦ ይወጣና በውጭ ተሰልፈው ለሚጠብቁት ልጆችና አረጋውያን ይታደል ነበር። እነርሱ «ቡሌ» ይሉታል። እኛ ግን በስሙም ጠርተነው አናውቅም፤ ከእጃችን ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ ማወቅ ጉዳያችን አልነበረምና።

በሩ የተዘጋበት ምክንያት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ሥፍራው ይቆሽሻል፤ ሳህንና ማንኪያ ይጠፋል፤ ከተቀባዮቹም መካከል ቡሌውን ወስደው የሚሸጡ ተገኝተዋል ይላል። ሦስቱም እውነት ነው። ማንም «ያልተጣራ ወሬ ይዘው ተነሡ» እንዳይለን ጠይቀን አጣርተናል። እውነት ያልሆነው ከእውነቱ ላይ የተወሰደው ፍርድ ነው። ማንኪያ ስለ ጠፋ ሕፃን ጦሙን ይደር የሚል ሕግ በየትኛው መጽሐፍ ተጽፎ ተገኘ? ባልዲው ዛሬም እንደ ቀድሞው ይሞላል፤ ዳሩ ግን በጋሪ ተጭኖ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄዳል። ልጆቹም ጋሪውን እየተከተሉ ይሄዳሉ። ይህን በዓይናችን አይተናል።

ከሁሉ አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። በሩ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ከኛ አንዱ በዚያ በኩል ሲያልፍ፣ ዕድሜው አሥር ዓመት የማይሞላ አንድ ልጅ ባዶ ፌስታሉን እንደ ያዘ «ጋሼ፣ ዛሬም ቡሌ የለም?» ብሎ ጠየቀው። ጓደኛችን ፈተና ነበረበት። «እግዜር ይስጥህ» አለውና አለፈ። ማታ በመኝታ ክፍላችን ነገሩን ሲያጫውተን ከመካከላችን የደነገጠ አልነበረም። ምን ሊል ኖሯል? ሁላችንም በየቀኑ የምንለውን ነው ያለው። ከቆየን በኋላ ነው አንዱ ከአልጋው ላይ ሆኖ «ግን እኮ ልጁ የጠየቀው እግዜርን አልነበረም» ያለው።

እውነት ነው፤ የጠየቀው እኛን ነበር።

«እግዜር ይስጥህ» የሚለውን ቃል ከልጅነታችን ጀምሮ በየቤታችን ስንሰማው አድገናል። ከስድብ ይሻላል፤ እናቶቻችን ለማኝ በባዶ እጁ ሲመለስ ልቡ እንዳይሰበር ብለው ያስተማሩን ትሕትና ነው። አንክድም። ነገር ግን እንመርምረው ቢሉ፣ ይህ ቃል ጸሎት ለብሶ የወጣ እምቢታ ነው። በእኛ ላይ የነበረውን ዕዳ ባንድ ጊዜ ወደ ፈጣሪ እናዛውራለን፤ ከዚያም ዕዳውን ስላዛወርን ጻድቃን የሆንን መስሎን ቀና ብለን እንሄዳለን። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ የተራቆተውንና የተራበውን ወንድም በመልካም ምኞት ብቻ የሚያሰናብተውን ሰው ገሥጾ፣ እንዲህ ያለውን እምነት ከሙት ቈጥሮታል። ያ መልእክት የተጻፈው ለአረማውያን አይደለም፤ በየሳምንቱ ተሰብስበው ለሚጸልዩ ምእመናን ነው። ለኛ ነው ማለት ነው።

ደግሞ የዚህ አገር ሰው ለማኝን ምን ብሎ እንደሚጠራው ልብ በሉ። «የኔ ቢጤ» ይለዋል። እኔን የመሰለ፣ የእኔው እኩያ ማለት ነው። ይህን ስም ያወጣ ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ማንም ይሁን ማን ከብዙ ሰባኪ ይልቅ ወንጌል ገብቶት ነበር። እኛ ግን ቃሉን ከመደጋገማችን የተነሣ ጆሯችን ደንቁሮ «እዚያ ጋ አንዲት የኔ ቢጤ ቁጭ ብላለች፤ በዚህ በኩል እንዙር» እስከ ማለት ደርሰናል። ከራስ ቢጤ ዞሮ የሚሄድ ሰው ወዴት እየሄደ ነው?

የበሩ ነገር ባለፈው ሐሙስ በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ተነሥቶ ነበር። ያልነበራችሁ ስለምትኖሩ የተባለውን ባጭሩ እናስታውስ። አንዱ ተነሥቶ «ይህ የአስተዳደር ጉዳይ ነው፤ ተማሪ የመጣው ለትምህርት ነው» አለ። ለዚህ መልስ አንሰጥም። ሁለተኛው፣ በመንፈሳዊነቱ የምናከብረው ወንድማችን፣ «በጸሎት እናስበው፤ እግዚአብሔር በር ይከፍታል» አለ። ሦስተኛው ግን አዳራሹን ያነቃነቀ ንግግር አደረገ። «ቡሌ ማደል የድኻውን ቁጣ ማብረድ ነው፤ ምጽዋት ሥርዓቱን ያስታምመዋል እንጂ አይለውጠውም፤ ትርፍራፊ ሳይሆን ፍትሕ ነው የምንጠይቀው» አለ። ተጨበጨበለት። ካጨበጨቡት መካከል እኛም ነበርን። ከዚያም ጉዳዩ በይደር ተላለፈና ስለ እግር ኳስ ውድድሩ መነጋገር ተጀመረ።

አሁን ለዚህ ለሦስተኛው ወንድማችን መልስ እንሰጣለን፤ ምክንያቱም ከሦስቱ ሁሉ ወደ እውነት የቀረበው እርሱ ነው፤ ወደ እውነት የቀረበ ስሕተት ደግሞ ከሩቁ የበለጠ ሰው ያስታል።

ምጽዋት ብቻውን የራበውን ሕዝብ አያድንም ያለው ልክ ነው። የአገራችን ረሃብ ታሪክ ይህን ይመሰክራል። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ፣ የሟቹን ቁጥር የገመቱ ሰዎች ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ያደርሱታል፣ በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ እህል ጨርሶ አልታጣም ነበር። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንኳ የእልቂቱን ያህል አልናረም። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይጫን ነበር። የወሎ ገበሬ የሞተው እህል ስላልነበረ ሳይሆን እህል የሚገዛበት ስላልነበረው ነው፤ ሰብሉ ጠፋ፣ ከብቱ አለቀ፣ የቀረውም ከብት ዋጋው ወደቀ። ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ተሰልፎ መኪና እያስቆመ ሲለምን፣ ከፊቱ የሚያልፈው መኪና እህል የጫነም ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው «ዝናብ የከለከለ እግዚአብሔር ነው» ብሎ በፈጣሪ ላይ ቢያላክክ ስሙን በከንቱ ጠርቷል።

ከዚያ በፊትም የነበረው አይለይም። በ1958 ዓ.ም. መጀመሪያ ከወረ ኢሉ ፖሊስ «ሕዝቡ ተርቧል» የሚል ሪፖርት ተነሣ። ረሃብን ያጠኑ ሰዎች እንዳሰፈሩት ያ ወረቀት ከቢሮ ወደ ቢሮ እየተመራ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ እስኪደርስ አሥር ወር ያህል ፈጀ። በመጨረሻ ሲደርስ የተሰጠው ትእዛዝ ምን ነበር? የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ይቅረብ የሚል ነበር። አሥር ወር የፈጀ ወረቀት ሄዶ የሟች ስም ይዞ እስኪመለስ ስንት ሌላ ስም እንደሚጨመርበት አንባቢ ያስላው።

በዚያው በ1958 ዓ.ም. በዋና ከተማው ለማኞች ከየመንገዱ እየታፈሱ ሾላ በሚባለው ሥፍራ በካምፕ ታጉረው ነበር። የያኔው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሄደው አዩ፤ ያዩት አሳፈራቸውና አደባባይ ወጡ። ድኽነት ወንጀል ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም፤ በየዘመኑ የሚመጣ ባለሥልጣን ከተማውን ማስዋብ ሲያምረው መጀመሪያ የሚጠርገው ሰው ነውና።

እነዚያ ተማሪዎች ግን ከኛ የሚለዩበት አንድ ነገር አለ። በቅድሚያ ሄደው አዩ። በ1965ም እንዲሁ ሆነ፤ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው ውስጥ ለሕዝብ አሳዩ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ከነዚያ መምህራን አንዱ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላም የአገራችንን ረሃብ ሲያጠኑና ሲጽፉ ኖረው በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ። መንግሥት «ረሃብ የለም» በሚልበት ሰዓት ፎቶግራፍ መስቀል ከምጽዋት ያነሰ የርኅራኄ ሥራ ነው ወይ? አይመስለንም። እውነትን መናገር ለተራበ ሰው እንጀራ ነው። መምህራኖቻችን ይህን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቡት ደስ ይለናል፤ በዚህ አምስት ሳምንት ውስጥ ስለ ጓሮው በር በክፍል ውስጥ አንዲት ቃል የተናገረ መምህር አልገጠመንምና።

ይሁንና ወንድማችን ሆይ፣ ያንተን ንግግር እስከ መጨረሻው ብንከተለው የሚያደርሰን የት እንደሆነም ታሪኩ ያሳያል። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ፊልም አንሥቶ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም አሳየ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። የተራበው ሰው ፊት ለፖለቲካ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚያ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ከዚያስ? ያንን ፊልም ያሳየው መንግሥት ራሱ ልክ በአሥረኛ ዓመቱ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ከተማውን በሰንደቅ ዓላማና በመብራት አሸብርቆ የአብዮቱን በዓል ሲያከብር፣ በኮረምና በሌላውም ሥፍራ ሕዝብ እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ስለዚያ ረሃብ ለሕዝቡ አልተነገረም። ዓለም ያወቀው በዓሉ ካለፈ በኋላ በጥቅምት ወር የውጭ አገር ቴሌቪዥን ባሳየ ጊዜ ነው። በዚያ ረሃብ የሞተው ሕዝብ ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል።

እንግዲህ የረሃብተኛን ፊት አደባባይ ማውጣት ብቻውን ርኅራኄ አይደለም። ለተራበው ፍትሕ ይጠየቅለት ብሎ የተነሣ ሰው፣ የሚራበውን ሰው ራሱን ካላወቀው፣ ስሙን ካልጠየቀው፣ አብሮት ካልተቀመጠ፣ ሥልጣን ባገኘ ማግስት ያው ሰው ለበዓሉ የማይመች ጉድፍ ይሆንበታል። «ሥርዓቱ ይለወጥ» የሚለውን ቃል እኛም እንላለን። ነገር ግን ሥርዓቱ እስኪለወጥ በዚያ በር ላይ ያለው ልጅ ምን ይብላ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ትግል፣ ከ«እግዜር ይስጥህ» በምን ይለያል? አንዱ ዕዳውን ወደ ሰማይ ያዛውራል፣ ሌላው ወደ መጪው ዘመን ያዛውራል። ልጁ ያለው ግን እዚሁ ነው፤ የተራበውም ዛሬ ነው።

ወደ ስርቆቱ እንመለስ፤ በስብሰባውም ሆነ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ትልቁን ሥፍራ የያዘ እርሱ ነው።

ይህ ምክንያት በኛ ግቢ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። በ2015 ዓ.ም. በአገራችን የእርዳታ እህል ተሰርቆ በገበያ ሲሸጥ ተገኘ። የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመጀመሪያ በትግራይ፣ ከዚያም በሰኔ ወር በመላው አገሪቱ የምግብ እርዳታውን አቆሙ። በሙሉ እስኪቀጥል ወራት አለፉ፤ የ2016 ኅዳርና ታኅሣሥ ደረሰ። ያን ጊዜ በትግራይ ከጦርነቱ ያመለጡ ተፈናቃዮች በየትምህርት ቤቱ ወለል ላይ ተኝተው እህል ይጠብቁ ነበር፤ በደቡብ ደግሞ ቦረና ከአምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች መክሸፍ በኋላ ከብቱን ጨርሶ ነበር። የሰረቀው ማን ነው? መጋዘን ያለው፣ መኪና ያለው፣ ማኅተም ያለው ነው። የተቀጣውስ? እህሉን ሰርቆ የሚያስቀምጥበት ጎተራ እንኳ የሌለው ነው። እኛ ያን ጊዜ ይህን ስንሰማ «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!» ብለን ነበር። ዛሬ በራሳችን ጓሮ፣ በባልዲና በማንኪያ ልክ፣ ያንኑ ስናደርግ ግን «ሥርዓት ማስከበር» እንለዋለን።

ቡሌውን ወስደው ይሸጣሉ የተባሉትንም ጠይቀናቸዋል። ሁለት ልጆች ናቸው። ለማን ነው የሚሸጡት ቢሉ፣ ወደ በሩ መምጣት ለማይችሉ፣ እግራቸው ለታመመና ለሸመገሉ ሰዎች ነው። በገንዘቡ ምን ያደርጋሉ ቢሉ፣ አንዱ ለሌሊት ማደሪያ ይከፍላል፤ ሁለተኛው ሊመልስልን አልፈለገም፤ እኛም አላስጨነቅነውም። እንግዲህ ይህ ነው ንግዱ። የሱቅ ባለቤት ቢያደርገው ማከፋፈል ይባላል።

ቅዳሴውን በየጊዜው የምንሰማው ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ፣ በ368 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ጽኑ ረሃብ በሆነ ጊዜ ያደረገው ለዚህ ነገር መልስ ይሆናል። ነጋዴው እህሉን ዋጋ እስኪወጣ ዘግቶበት ነበር። ባስልዮስ ባለጠጎቹን በስብከቱ ፊት ለፊት ወቀሰ፤ በጎተራ የተከማቸው የትርፋችሁ ሳይሆን የተራበው ሰው ንብረት ነው፤ ያስቀመጣችሁትም ከሰው ቀምታችሁ ነው አላቸው። ስለ ሌብነት የሚናገር ሰው ካለ፣ ሌባ ማለት ለባስልዮስ ማን እንደሆነ እዚህ ላይ ይመልከት። ይህን ብሎ ግን አልተቀመጠም፤ ጎተራውን አስከፍቶ የሾርባ ድስት አስጥዶ፣ ወገቡን ታጥቆ ራሱ ያድል ነበር። ኋላም ጳጳስ ሲሆን ከከተማው ውጭ ለሕሙማን፣ ለእንግዶችና ለሥጋ ደዌ በሽተኞች የሚሆን ትልቅ መጠለያ አሠራ። ስብከት፣ ድስት፣ ሕንፃ፤ ሦስቱ በአንድ ሰው እጅ። ያ ሦስተኛው ተናጋሪ ወንድማችንና ያ ጸሎተኛው ወንድማችን በባስልዮስ ቤት ቢገናኙ ኖሮ የሚጣሉበት ነገር አያገኙም ነበር።

ስለ ደጉ ሳምራዊም ብዙ ስብከት ሰምተናል። ካህኑና ሌዋዊው አልፈው እንደ ሄዱ፣ ሳምራዊው ቁስሉን እንዳሰረ፣ ሁላችን ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቃለን። ሰባኪዎቻችን ብዙ ጊዜ የሚያልፉት አንድ ነገር ግን አለ፤ ሒሳቡን። ያ ሰው ለእንግዳ ማረፊያው ጌታ ሁለት ዲናር ከፍሏል፤ ይህም በዘመኑ የቀን ሠራተኛ የሁለት ቀን ደመወዝ ነው። ከዚያም በላይ ወጪ ቢኖር ስመለስ እከፍላለሁ ብሎ ዋስ ሆኗል። ይመለሳል! ርኅራኄው ቀጠሮ አለው። የኛ ምጽዋት ጉድለቱ ይህ ነው። በጥምቀትና በፋሲካ ማግሥት፣ በተዝካርና በልደት ቀን፣ ካሜራ ይዘን አንድ ቀን አብልተን፣ ፎቶግራፉን ከዘረጋን በኋላ አንመለስም። የምናበላው ሰው በዓመት ሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን እንደሚርበው የምናውቅ አንመስልም። ፎቶግራፍ ያልነው ያ የ1965 የመምህራን ፎቶግራፍ ዓይነት እንዳይደለ አንባቢ ይለየዋል፤ ያ የተደበቀውን ለመግለጥ ነበር፣ ይህ የሰጪውን ፊት ለማሳየት ነው።

እቴጌ ወይም ሊቅ ያልነበሩ፣ እንደኛም ዩኒቨርሲቲ ያልገቡ አንዲት ሴት ግን ተመልሰዋል። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 እ.ኤ.አ. ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሄደው ሳሉ አካባቢው በረሃብ ተመትቶ አገኙት። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። ያን ዕለት በዚያ መንገድ ያለፈው ተሳላሚ እርሳቸው ብቻ አልነበሩም፤ ሌላውም ሰው አይቷል፣ አልቅሷል፣ አማትቧል፣ ሄዷል። እርሳቸው ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ቤታቸው ውስጥ ጠብ ሆነባቸው፤ የተደላደለ ኑሯቸውን ትተው ወጡ። ልጆቹ ግን ሁለት ሆነው አልቀሩም፤ በየጊዜው በብዙ ተጨመሩ፤ በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ያሳደጉት በብዙ ሺህ ይቆጠራል። ከዚያ ጉዞ የተመለሰው ሌላው ሰው ሁሉ ጠበል ይዞ ገባ። እርሳቸው ልጅ ይዘው ገቡ። የትኛው ነው ግሸን የደረሰው? ጥያቄውን ለመንፈሳዊ ጉባኤዎቻችን እንተወዋለን፤ ለፀብ ሳይሆን እንዲወያዩበት ነው።

አሁን «እኛም ድኾች ነን» ለሚለው። ይህ ቃል በስብሰባው ላይ ከኋላ ወንበር ተነግሮ ነበርና ሳቅ አስነሣ። እኛ ግን አንስቅበትም፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ከመካከላችን ከቤት ሰባራ ሳንቲም የማይላክለት አለ። ለፎቶ ኮፒ የሚከፍለው አጥቶ የጓደኛውን ደብተር ሌሊት የሚገለብጥ አለ። የሰጪነት ሥራ የባለጠጋ ነው ብለን ካመንን ግን ክርስትናን ለባለጠጋ ማስረከባችን ነው። አባቶች ለዚህ መንገድ አበጅተውለታል። የሄርማስ እረኛ የተባለውን ጥንታዊ መጽሐፍ፣ በግእዝ ተተርጉሞ በአገራችን ገዳማት ይነበብ የነበረውን፣ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ የጾም ቀን ሳይበላ የቀረው ምግብ ዋጋው ተሰልቶ ለመበለቲቱ፣ ለሙት ልጅ ወይም ለችግረኛው ይሰጥ ይላል። ጾም ማለት ቁርስን ወደ ምሳ ማዛወር አይደለም ማለት ነው። እኛ ግን እስቲ እንተማመን፤ ረቡዕና ዓርብ ቁርስ ሳንበላ እስከ ስድስት ሰዓት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምንቆይ ሰዎች፣ የቁርስ ካርዳችን የት ይሄዳል? አንዳንዱ ዳቦውን ወስዶ ለማታ ያስቀምጠዋል። አንዳንዱ ለጓደኛው ያስተላልፈዋል። አብዛኛው ይቀራል። ሄዶ መጨረሻው ባልዲው ነው።

ስለዚህ ከኛ አሥራ አንዳችን ባለፈው እሑድ ተሰብስበን አንድ ነገር ቆርጠናል፤ ለማኅበሩም አቅርበነዋል። ረቡዕና ዓርብ የምንጾም ተማሪዎች የቁርስ ድርሻችንን ዳቦ እንወስዳለን፤ ሳንነካው፣ ሳንቆርሰው፣ ሙሉውን እንሰጣለን። ትርፍራፊ ሳይሆን ድርሻችንን ነው የምንሰጠው። ይህን ስናወራ የሰሙን ሙስሊም ጓደኞቻችን «ሰኞና ሐሙስ እኛ እንጾማለን፤ የኛንም ጨምሩት» አሉን። እኛ ይህን ያህል ቀን በስብሰባ ስንጨቃጨቅ እነርሱ ባንድ ቃል ጨረሱት፤ ትንሽ አፍረናል። እንግዲህ ከሳምንቱ አራት ቀን ተሸፈነ። ማክሰኞ፣ ቅዳሜና እሑድ ገና ሰው ይፈልጋሉ። ጾም የማይጾምም ሰው ይመጣ እንደሆነ ሃይማኖቱን አንጠይቀውም።

በግቢ ውስጥ የማይመገቡት፣ «ኖን ካፌ» የምንላቸው ወንድሞችና እኅቶች፣ የዚያኑ የአንድ ቁርስ ዋጋ በሳምንት አንድ ቀን ቢያዋጡ ለታመሙት ልጆች መድኃኒት ይሆናል። መምህራኖቻችንን በቁጥር አንወስንባቸውም። ነገር ግን ከገንዘባቸው ይልቅ የምንለምናቸው ሌላ ነገር አለ፤ ስለ በሩ ለአስተዳደሩ በጻፍነው ደብዳቤ ላይ ስማቸውን እንዲያኖሩ። ደብዳቤው የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ በሩ እንዲከፈት፣ ሥፍራው በኛ በተማሪዎቹ ተራ እንዲጠረግ፣ ሳህንና ማንኪያም በኛ ኃላፊነት ተቈጥሮ እንዲወጣና ተቈጥሮ እንዲገባ። የጠፋውን እኛ እንከፍላለን። ከዚህ በኋላ «ይሰርቃሉ» የሚለው ምክንያት ምን ይዞ እንደሚቆም እናያለን። ደብዳቤው ከገባ ዛሬ ስምንተኛ ቀኑ ነው፤ መልስ አልመጣም።

ያ ጸሎተኛ ወንድማችን ከስብሰባው በኋላ መጥቶ አነጋግሮናል። ቅር ብሎት መስሎን ነበር፤ እርሱ ግን የመጣው የማክሰኞን ቀን ልውሰድ ብሎ ነው። ሦስተኛው ተናጋሪ ገና አልመጣም። ንግግሩን እኛም ስላጨበጨብንለት እንጠብቀዋለን፤ የሒሳብ ሰው ስለሆነ መዝገቡን እንዲይዝልን አስበናል።

ቅርጫቱ ከመጪው ረቡዕ ጀምሮ ጧት ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ከመመገቢያ አዳራሹ መውጫ በስተግራ ይቆማል። ስንት ዳቦ እንደ ገባ፣ ስንት እንደ ወጣ፣ ለስንት ሰው እንደ ደረሰ በዚህ ጋዜጣ በየወሩ ይታተማል። የጓሮው በር እስከዚያ ካልተከፈተ ቅርጫቱን በዋናው በር ተሸክመን እንወጣለን። ፈታሾቹ ቢያስቆሙን የጫንነውን ከፍተን እናሳያለን። የተሸከሚዎች የስም መመዝገቢያ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ለሐሙስ ሁለት ሰው ይጎድላል።